የአርባው ዘይት

ባለቤቴ ያረፈው ኅዳር እንደገባ ነው። አርባው በገና ጾም ውስጥ ዋለ። ቅቤ አይገባም፤ ወጡ ሁሉ በዘይት ይሠራል። ለሌላ ቤት ቢሆን ይህ ምንም አልነበረም። የእኔ ባል ግን ዘይት ጨማቂ ነበር። ፀዳ በምትባለው ከተማ፣ ግቢያችን ውስጥ በቆመች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ዕድሜውን ሙሉ ኑግ ሲጨምቅ ኖሮ፣ መጨረሻ ላይ በሯን ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ሲዞር የሞተ ሰው ነው። ስለዚህ የለቅሶው ድንኳን ገና ሳይነቀል አንድ ነገር ለራሴ ወሰንኩ። አርባው ላይ የሚቀርበው ወጥ በኑግ ዘይት፣ ያውም በእሱ መጭመቂያ በወጣ ዘይት ይሠራል። ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ቀን ጥቂት መስመር ጽፌ እስክሪብቶውን አስቀምጣለሁ፤ ደግሞ ከርሜ እመለሳለሁ።

እኔ አስተማሪ ነበርኩ። ስንጋባ ከሁሉ የከበደኝ ሽታው ነው። ኑግ ሲታመስና ሲጨመቅ የሚወጣው ሽታ ልብስ ውስጥ ይገባል፣ ፀጉር ውስጥ ይገባል፣ ትራስ ላይ ይቀራል። ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ አፍንጫቸውን ሲያሻሹ እያየሁ፣ ቤት ስመለስ ባሌን አኮርፈው ነበር። እሱ ይስቃል። ይህ ሽታ የጠፋ ቀን ድሃ ሆነናል ማለት ነው፣ ያኔ ታለቅሺለታለሽ ይለኛል። እንዳለውም ሆነ።

ያኔ በኅዳርና በታኅሣሥ ግቢያችን ገበያ ይመስል ነበር። ከእንፍራንዝ በኩል፣ ከደንቢያ በኩል ኑግ የጫኑ አህዮች በራችን ላይ ይሰለፋሉ። ገበሬው ኑጉን አስጨምቆ ዘይቱንም ፋጉሎውንም ጭኖ ይመለሳል። ፋጉሎ ዘይቱ ወጥቶለት የሚቀረው ነው፤ ከብት ይወደዋል። ከኑግ የሚጣል ነገር አልነበረም። ሰዉ ተራው እስኪደርስ በግቢያችን ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጫወታል፣ ይሰዳደባል፣ ልጁን ይድራል። ባለቤቴ ከቆርቆሮዋ ቤት ብቅ ሲል ፊቱ በዘይት ያብረቀርቅ ነበር።

ከዚያ የእርዳታው የዘይት ጣሳ መጣ። መጀመሪያ በድርቁ ጊዜ መጣ፤ ኋላም ሰው ከቀዬው እየተፈናቀለ ወደ ከተማው ሲገባ መጣ። ጣሳው ላይ የሰጪው አገር ባንዲራ ታትሟል፤ ከሥሩ «አይሸጥም» የሚል ተጽፏል። ለተራበ ሰው የመጣ ነው፤ የተራበ ሰውም በልቶበታል። ይህን አልክድም። እኔ ራሴ ትምህርት ቤታችን ግቢ ለተጠለሉ እናቶች ጣሳ ተሸክሜ አድያለሁ። ነገር ግን ስንዴና ዘይት ተሰጥቶት በርበሬና ጨው የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? ዘይቱን ሸጦ በርበሬ ይገዛል። «አይሸጥም» የሚለው ጣሳ ቅዳሜ ገበያ ላይ ተደርድሮ ይሸጥ ጀመር። በነጻ የመጣ ነገር ዋጋው እስከፈለገው ይወርዳል። ባለቤቴ በኪሳራ ቢሸጥ እንኳ ሊደርስበት አልቻለም።

ዘይቱ ውሃ ይመስላል። ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። ሴቶቹ የወደዱለትም ይህንኑ ነበር፤ ቤት አያሸትም፣ ነጠላ አያሸትም። ልጆች ሌላ ዘይት ሳይቀምሱ አደጉ።

የእርዳታው መጋዘን ኃላፊ የነበረው የባለቤቴ የክርስትና ልጅ ነው። ብልህ ሰው ነው፤ ሌባም አይደለም። ልጅ ሳለ እኛ ግቢ ፋጉሎ እየሰረቀ ለበጎቻቸው ይወስድ ነበር እያልን እናሾፍበታለን እንጂ በመጋዘኑ አንድ ጣሳ አላጎደለም። የእርዳታው ጣሳ እየተመናመነ ሲሄድ ሥራውን ለቆ ነጋዴ ሆነ። ያንኑ ዘይት፣ ከዚያው አገር፣ በጀሪካን እያስመጣ ያከፋፍል ጀመር። የምንጠጣው ውሃ እንኳ አንዳንዴ ጣዕሙ ይለወጣል፤ ይህ ዘይት ቅንጣት አልተለወጠም። ባንዲራውም እዚያው ነው። «አይሸጥም» የሚለው ጽሑፍ ብቻ ጠፋ።

አንድ ጊዜ ባለቤቴ ስብሰባ ተጠራ። ከሰጪው አገር እንግዶች መጥተው አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነጋዴውንም ዘይት ጨማቂውንም ሰብስበው ነበር። ሲመለስ ባንዲራው ያለበት ኮፍያና ቦርሳ ይዞ መጣ። ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁት። አንዱ እንግዳ ተነሥቶ፣ እርዳታ ለንግድ መንገድ ይጠርጋል፣ ትናንት የረዳናቸው አገሮች ዛሬ ጥሩ ደንበኞቻችን ሆነዋል ብሎ በደስታ እንደተናገረ ነገረኝ። አስተርጓሚውም በደስታ ተርጉሞታል። አዳራሹም አጨብጭቧል።

«አንተስ?» አልኩት።

«እኔም አጨበጨብኩ» አለ።

ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «የማር ነጋዴ ገበያ ላይ በስንደዶ ጫፍ ሲያስቀምስሽ አይተሽ የለ?» አለኝ። «ያ ሁሉ ጣሳ ቅምሻ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የዚያ ዘይት ስም ቅምሻ ሆኖ ቀረ። ኮፍያውን አንድም ቀን አላደረገውም። ቦርሳውን እኔ ሽንኩርት አኖርበታለሁ።

መጭመቂያዋ በአንድ ቀን አልቆመችም። በሳምንት ጥቂት ቀን መሥራት ጀመረች፣ ከዚያ ለጾም ብቻ፣ ከዚያ ለአንድ ሁለት አሮጊቶች ብቻ። ገበሬው ኑግ መዝራቱን አልተወም፤ መስከረም ሲጠባ እርሻው ያው ቢጫ ነው። ኑጉ ግን ወደ እኛ በር መምጣቱን ተወ። ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎች ከአውድማው ላይ ያፍሱታል፤ እነሱ የሚሰጡትን ዋጋ ለመክፈል ባለቤቴ አቅም አልነበረውም። ቆለፋት። ቆልፏትም ጠዋት ጠዋት ሄዶ ቁልፉ መቆለፉን ያይ ነበር።

እንግዲህ አርባው ሲቃረብ ኑግ ፍለጋ ወጣሁ። ሐዘንተኛ አርባው ሳይወጣ ገበያ አይሄድም ብለው የእድሩ ሴቶች ተቆጡኝ። ከሌን እንደለበስኩ ሄድኩ። እህል ተራ ጤፉ አለ፣ ሽምብራው አለ፣ ኑግ የለም። አንዲት ነጋዴ ልብሴን አይታ አዘነችልኝና፣ ኑግማ አዘዞ በመጋዘን ነው ያለው፣ እዚህ የሚወርድ የለም አለችኝ። የማን መጋዘን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ገምቼ ወደ አዘዞ ሄድኩ።

የክርስትና ልጁ እንዳየኝ ከወንበሩ ተነሥቶ ጉልበቴን ሳመኝ። ልከውብኝ ብመጣ ምን ነበረበት ብሎ ተቆጣኝ። መጋዘኑ ሰፊ ነው። በአንድ ወገን የኑግ ጆንያ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል፤ በሌላው ወገን የዘይት ጀሪካን እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። እኔ መሀል ቆሜ አንድ ጆንያ ኑግ ሽጥልኝ አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። የተበጠረ ነው፣ ተመዝኖ የታሸገ ነው፣ መርከቡ ቀን አለው፣ አንድ ጆንያ ቢጎድል ስሜ ይጠፋል እያለ ብዙ አስረዳኝ። ውሸት አልነበረም። እዚያ ማን ይጨምቀዋል፣ ጥሩ መጭመቂያ አላቸው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የባለሙያ ሚስት ነኝና መጠየቄ ነው። ፈገግ ብሎ አንገቱን አሻሸ።

«አይጨመቅም እማማ። ለወፍ ነው።»

«ለምን ወፍ?»

«በየግቢያቸው ለሚመጡ ወፎች ያንጠለጥሉላቸዋል። ወፎቹ ኑግ ይወዳሉ አሉ።»

ከመሳቢያው አንድ ትንሽ ከረጢት አውጥቶ አሳየኝ። ገዢዎቹ ለናሙና የላኩለት ነው። ባንዲራው ያው ነው። በላዩ ላይ አንዲት ቢጫ ወፍ ተሥላለች፤ በደንብ የበላች ወፍ ናት።

በዕድሜዬ የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን ያለ ግን አላየሁም። ኑጋችን ባሕር ተሻግሮ ወፍ ይቀልባል፤ የወፏ አገር ዘይት ባሕር ተሻግሮ እኛን ይቀልባል፤ በሁለቱም ላይ ትርፍ አለ፤ መሀል ላይ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተቆልፋ ባለቤቷ አፈር ገብቷል። ሁሉም ደግሞ ሕጋዊ ነው፣ ሁሉም ጨዋ ነው። ደህና ሁን ብዬው ወጣሁ። የክርስትና አባቴን የአርባ ዘይት እኔ እችላለሁ እያለ ከኋላዬ ይከተለኝ ነበር።

በነጋታው ጀሪካኖቹ ቤቴ ደረሱ። መልሱልኝ አልኩ። የእድሩን ሴቶች የምታዝዘው፣ በሰፈሩ ያለው ሁሉ እትዬ የሚላት ሴት፣ በሩ ላይ ቆማ ከለከለችኝ። «ለሙት የመጣ አይመለስም» አለችኝ። «አንቺ አስተማሪዋ ይህን ታጪዋለሽ?» አላጣሁትም። በአገራችን ለተዝካር የመጣ ነገር፣ ጠላትም ያምጣው፣ እንቢ አይባልም። ሙቱን መንሳት ነው። ጀሪካኖቹ ጓዳ ገቡ፤ ባንዲራውን ወደ ግድግዳው አዞርኩት።

የዚያን ሰሞን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከእንፍራንዝ በኩል መጡ። ገበሬ ናቸው፤ አያ እላቸዋለሁ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ስለነበር ከቀብሩ በኋላ መምጣታቸው ነው። እትዬም ነበረች። ስለ ወፎቹ ነገርኳቸው። አያ ዘንጋቸውን አየት አደረጉና፣

«ምነው እቴ፣ ወፎቻቸው ጾመኛ ናቸው እንዴ?» አሉኝ።

እትዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «እንግዲያማ ሸጋ ነው አያ» አለች። «እኛ የነሱን ዘይት እንበላለን፣ ወፎቻቸው የኛን ጾም ይጾሙልናል።» ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እዚያ ቤት ሳቅ የተሰማው ያን ጊዜ ነው። እኔም ሳቅሁ።

አያም የዘንድሮውን ኑጋቸውን ለዚያው ለክርስትና ልጃችን ሰዎች ሸጠዋል። አልሸሸጉኝም። ሸጋ ይከፍላል፣ ከአውድማ ላይ ያነሣልኛል፣ ምን ልበልሽ አሉኝ። አልወቀስኳቸውም። በማግሥቱ ማለዳ ተነሥተው ሄዱ። ሲመለሱ አህያቸው ላይ ሙሉ ያልሆነ ስልቻ ነበር። ከጎታ ያወጡት ነው፤ ለዘር ያኖሩት ኑግ ነው።

ዘር አይበላም አያ፣ አልቀበልዎትም ብዬ ተከራከርኩ። ስልቻውን ከአህያው አውርደው ቆርቆሮ ቤቱ በር ላይ አኖሩት።

«ወንድሜ ሳይጨምቅልኝ የቀረ ኑግ የለም» አሉ። «ይሄንም ይጨምቅልኝ።»

ቁልፉን በምስማር ከተሰቀለው ኮቱ ኪስ አወጣሁ። ቤቷ አቧራና የአይጥ ፋንድያ ሞልቷት ነበር። ጠርገን፣ ዝገቱን ፍቀን፣ መብራት የመጣልን ቀን አስነሣናት። ኑጉን እኔ አመስኩ፤ ሲሠራ ሳይ ኖሬያለሁና እሳቱን አውቀዋለሁ። አያ ከላይ ይጨምራሉ። መጀመሪያ የወጣው ጥቁር ነበር፤ ደፋነው። ከዚያ ቀስ እያለ ጠራ። ወርዶ ማሰሮው ውስጥ ሲገባ አረፋው ተነሣ፣ ሽታውም ተነሣ። ያ ሁሉ ዘመን በእንዶድ ሳጥብ የኖርኩት ሽታ ነው። ያን ጊዜ ካለቀስኩት በላይ ቀብሩ ላይ አላለቀስኩም። የጎረቤታችን ሴት በአጥሩ በኩል አንገቷን አውጥታ ምን ተቃጠለባችሁ ብላ ጠየቀች።

ዘይቱን አስረጋነው፤ በነጠላ ጨርቅ አጠለልኩት፤ ለእትዬ በእጄ አስረከብኳት። ምስሩም፣ ክኩም፣ ሽሮውም በዚህ ነው፣ ሌላ አይነካም አልኳት። እሺ ልጄ አለችኝ።

አርባው ደረሰ። ቀሳውስቱ በቤተ ክርስቲያን ጸሎቱን አድርሰው መጡ፣ ድንኳኑ ሞላ። ሐዘንተኛ ወጥ ቤት አይገባም፤ እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ሰው እቀበላለሁ። ትሪው ሲወጣና ሲገባ ከሩቅ አያለሁ። መጀመሪያ ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ መሰለኝ። ከዚያ ትሪው ባዶ ሆኖ ይመለስ ጀመር፤ ጭማሪ ይጠራ ጀመር። ልቤ ረጋ። ተበላለት አልኩ በሆዴ። የክርስትና ልጁ ሦስቴ አስጨምሮ በላ። እጁን ታጥቦ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ።

«እማማ፣ ይሄ ነው የአባታችን ጣዕም» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። በዚያች ሰዓት ይቅር አልኩት።

ሰዉ ተሸኝቶ ወደ ወጥ ቤቱ ድንኳን ስገባ፣ ትልቁ ድስት ጥግ ላይ በሰፌድ ተከድኖ አገኘሁት። ከፈትኩት። ምስሩ ጫፉ ብቻ ተነክቷል። ሽታው የኑግ ነው። ከአጠገቡ ሌላ ድስት ተጠራርጎ ባዶ ሆኗል። ጀሪካኖቹ ከሥሩ ወድቀዋል፤ እነሱም ባዶ ናቸው።

እትዬ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ምንድን ነው ይሄ አልኳት።

«የመጀመሪያው ትሪ እምብዛም ሳይነካ ተመለሰ» አለችኝ። «ሴቶቹ ምን ሸተተ ይላሉ፣ ልጆቹ ዳቦ ብቻ ይበላሉ። የሙት ወጥ ሲመለስ አንቺን ላሳይሽ? እሱን ላዋርደው? ቶሎ ብዬ በሌላው ሠራሁ። እሱም ለሙት የመጣ ነው።» ቆይታ ደግሞ፣ «የሰው አፍ ሄዷል ልጄ» አለች።

የኑጉን የበሉት ቀሳውስቱና አያ ብቻ ነበሩ። የክርስትና ልጁ በእንባ ያመሰገነው የገዛ ጀሪካኑን ነው።

በጣቴ ከኑጉ ምስር ቀመስኩ። እውነቱን ልጻፍ። ከበደኝ። ምላሴ ላይ እንደ ባዕድ ተቀመጠ። እኔም ለካ እንደነሱ ሆኛለሁ፤ ስንት ዓመት ሙሉ በቅምሻው ሠርቼ ለባለቤቴ ያበላሁት እኔ ነኝ፤ እሱም ምንም ሳይል ይበላልኝ ነበር። ያን ጊዜ ያስጠላኝን ነገር ስም ልሰጠው አልችልም። ጣሳው፣ ወፏ፣ ጭብጨባው፣ አፌ፣ ሁሉም አንድ ላይ አቅለሸለሸኝ። ከድንኳኑ ወጥቼ አስመለስኩ።

የተዝካር ወጥ አይደፋም። ወጡን ለነዳያን ላክን፤ እነሱም ዳቦውንና ጠላውን አስቀድመው እንደወሰዱ ያደረሰችላቸው ሴት ነገረችን። አያ ሲሰናበቱኝ፣ ለሚመጣው ክረምት ዘር ከየት ያገኛሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። ከዚያው ከልጃችሁ ነዋ አሉኝ፤ ያበድራል፣ በምርት ይቀበላል። ወደ አህያቸው ዞሩ። ፊታቸውን ላየው አልፈለግሁም።

የተረፈውን የኑግ ዘይት በጠርሙስ አድርጌ ለራሴ አኖርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽሮዬን በእሱ ነው የምሠራው። መጀመሪያ ላይ እየታገልኩ ዋጥኩት። ዓይኔን ጨፍኜ የዋጥኩበትም ቀን አለ። ሌላ አልሠራሁም። ገና ሲቃረብ ከበደኝ ማለቴን ረሳሁት።

በጾሙ መጨረሻ ሰሞን የክርስትና ልጁ ሊጠይቀኝ መጣ። ወዲያ ወዲህ ካለ በኋላ ጉዳዩን አወጣ። የቆርቆሮዋን ቤት ለጀሪካን ማከማቻ ላከራየው፣ አሮጌውን ብረት በራሱ ወጪ ያነሣልኛል፣ ብቻዬን ስለሆንኩ ለእኔም መደገፊያ ይሆነኛል። በደግነት ነው የተናገረው። ሽሮው ከሰሉ ላይ ይንተከተክ ነበር። መሀል ላይ ንግግሩን አቋርጦ አፍንጫውን አነሣ።

«ምን ይሸታል እማማ?»

«ክርስትና አባትህ ነው» አልኩት።

ቤቷን አላከራይም፣ ብረቱም አይነሣም አልኩት። ከዚያ እጁን አስታጠብኩትና ሽሮውን አቀረብኩለት። ሐዘን ቤት የቀረበ ማዕድ እንቢ አይባልም፤ ይህን እሱም ያውቃል። አንድ ጉርሻ ወስዶ ማኘኩን አቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። አላዘንኩለትም። አንገቱን ደፍቶ ቀስ እያለ በላ። ሳህኑን ባዶ አድርጎ እስኪነሣ ድረስ ከፊቱ አልተንቀሳቀስኩም።